አረንጓዴው ባህርና የኛ ሐይቅ

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ከደሴ ነኝ። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ነገር አለ፣ ፋይቶፕላንክተን። በዓይን የማይታዩ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ አረንጓዴ ደቃቅ ነገሮች ናቸው፣ አልጌ የምንላቸው፣ ግን በምድር ላይ ካለው ፎቶሲንተሲስ ግማሽ ያህሉን የሚሰሩት እነሱ ናቸው፣ ግማሹን እኮ ነው!

ደግሞ ወቅት አላቸው። እኛ ጋ ክረምት ሲገባ በሶማሊያ ዳርቻ ኃይለኛ ንፋስ ይነሳና የላዩን ውሃ ገፍቶ ይወስደዋል፣ ከስር ቀዝቃዛና ንጥረ ነገር የሞላበት ውሃ ይወጣል፣ ደቃቆቹ በዚያ ይራቡና ባህሩ አረንጓዴ ይለብሳል። ሰሜኑ ቀይ ባህር ግን የሚያብበው በብርድ ወራት ነው፣ ላዩ ሲቀዘቅዝ ከስሩ ጋር ስለሚደባለቅ።

ታዲያ ዘንድሮ አረንጓዴው በዛ ቢባል ባህሩ ተቀየረ ማለት ነው? አይደለም፣ ኤልኒኖ አለ፣ ንፋሱም ከዓመት ዓመት ይለያያል። ተመራማሪዎች ከሳተላይት መረጃ የዘመኑን ለውጥ ከዓመት ዓመቱ መለዋወጥ ለይቶ ለማየት 40 ዓመት ገደማ ያስፈልጋል ይላሉ፣ ሳተላይቶቹ ሳያቋርጡ ማየት የጀመሩት ደግሞ ገና እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነው። ሰሜን ባህርና አትላንቲክ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ ተራ የንግድ መርከቦች አንድ ሳጥን ከኋላቸው ይጎትታሉ፣ ውስጡ የሐር ጨርቅ አለ፣ ውሃው ሲያልፍ ደቃቆቹ ጨርቁ ላይ ይቀራሉ፣ ላብራቶሪ ሲደርስ ጨርቁን ዘርግተው አረንጓዴነቱን ከቀለም መለኪያ ጋር ያስተያዩታል፣ በቃ። ሰሜን ባህር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ አረንጓዴነቱ እንደጨመረ፣ የሚያብብበት ጊዜም እንደረዘመ የታወቀው በዚህ ጨርቅ ነው።

ወደኛው ሐይቅ ልምጣ፣ ስሙም ሐይቅ የሆነው፣ እዚሁ አፍንጫችን ስር ያለው። እ.ኤ.አ. በ1969 የውሃውን ጥራት ለመለካት ነጭ ሰሃን በገመድ ሲወርድ እስከ 9 ሜትር ገደማ ይታይ ነበር፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ከአንድ ሜትር ብዙም ሳይርቅ ይሰወር ነበር። በመሀል ቆሮሶ የሚባል ዓሳ ተጨምሮበታል፣ አልጌውን የሚበሉትን ትናንሽ እንስሳት ዓሳው ስለጨረሳቸው ነው የሚል ማብራሪያ አለ፣ ለኔ አሳማኝ ነው። ግን በሁለት ልኬት ብቻ የወቅቱን ከዘመኑ እንዴት ትለየዋለህ? ይሄ ያንገበግበኛል።

ሐይቅ ከተማ ያላችሁ የባዮሎጂ መምህራን፣ እባካችሁ፣ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ በየወሩ፣ እዛው ቦታ ላይ፣ በዛው ሰዓት ሰሃኑን አውርዱና ሜትሩን ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ። ሰሃኑና ገመዱ ከኔ።