ሠላሳ ሁለት ቅል ጨው

ጌታ የተመሰገነ ይሁን።

መጋቢያችን፣ ሽማግሌዎች፣ እናቶቻችን፣ ኳየሮች፣ ዛሬ ለወንጌል ተልእኮ የምትሸኙ፣ እዚህ ፊት ለፊት በነጭ ሸሚዝ የተደረደራችሁ 11 ልጆች፣ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ። ሸሚዙን ጠብቁት። ኮንሶን ሳታልፉ ቡኒ ይሆናል።

ፕሮግራም መሪው "ጋሼ፣ 15 ደቂቃ ብቻ" ብሎኛል። እሺ ብያለሁ። ግን ለዚህች ቤተ ክርስቲያን ስዋሽ የመጀመሪያዬ አይደለም። የዛሬ ንግግሬም ስለዚያ ስለ መጀመሪያው ውሸት ነው።

በ1994 ዓ.ም. እኔም ወደ ደቡብ ኦሞ፣ ወደ ሐመር ልሸኝ እዚሁ ቦታ ቆሜ ነበር። 22 ዓመቴ። ኮቱ የተውሶ ነው። እናቶች ዳቦ ቆሎ ቋጥረውልኝ፣ ሽማግሌዎች እጅ ጭነውብኝ፣ በዝማሬ ሸኛችሁኝ። ዳቦ ቆሎውን አብዛኛውን የበላው የአውቶቡሱ ረዳት ነው። ይሄንንም እስከ ዛሬ አልነገርኳችሁም።

ሁለት ቀን በአውቶቡስ። ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ፣ ወይጦ፣ ቀይ አፈር። ከዚያ በአይሱዙ ጭነት ላይ ዲመካ። ከዲመካ አራት ሰዓት በእግር። ሻንጣዬ ውስጥ ሰባት ስብከት ነበረ። ለሰባቱ ቀን ሰባት፣ በካርቦን ተገልብጦ። ሰኞ ገባሁ፣ ማክሰኞ ማታ ሰበክሁ። አንዲት የሐመርኛ ቃል አላውቅም። የሰው ስም አላውቅም። ሽንት ቤት የት እንደሚኬድ እንኳ ገና አልጠየቅሁም። ስብከቱ ግን ዝግጁ ነው!

አስተርጓሚዬ 14 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነበር። ቀይ አፈር እስከ አምስተኛ ክፍል ተምሯል። የስብከቴ ክፍል ማቴዎስ 5 ቁጥር 13 ነው። "እናንተ የምድር ጨው ናችሁ።" 40 ደቂቃ ሰበክሁ። ላበኝ። ዘለልሁ። አንዳንዴ ሦስት ደቂቃ ሙሉ እናገራለሁ፣ ልጁ አራት ቃል ይላል። ሐመርኛ አጭር ቋንቋ ነው ብዬ ተገረምሁ። ወንዶቹ በበርኮታቸው፣ በትንሿ የእንጨት መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠው በትዕግሥት ያዩኛል። በመጨረሻ "ጌታን መቀበል የምትፈልጉ እጃችሁን አንሡ" አልሁ። ልጁ ተረጎመ። እጅ በእጅ ሆነ። ሁለት ጊዜ ቆጠርሁ። 32።

ሌሊቱን እንቅልፍ እንዴት ይምጣ? በባትሪ ብርሃን ደብዳቤ ጻፍሁ። "በሁለተኛው ቀን 32 ነፍሳት" ብዬ ከሥሩ አሰመርሁ። ጎህ ሲቀድ ወደ ዲመካ ለሚወርድ ሰው ሰጠሁት። ሰውዬው ከኮረብታው ማዶ ሲሰወር፣ ከበስተኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

ሠላሳ ሁለቱም መጥተዋል። እያንዳንዳቸው ቅል ይዘዋል።

ልጁን "ምን ፈልገው ነው?" አልሁት። "ጨው" አለኝ። "የምን ጨው?" "ትናንት ጨው፣ ጨው ስትል አልነበር? ሌላው አልገባኝም። ጨው የምትፈልጉ እጅ አንሡ አልኋቸው።" ለከብቶቻቸው ነው የፈለጉት። ልጁ ደግሞ ቅር ብሎታል። "ሞልቶሃል ብዬ ነው እኮ" አለኝ።

ትስቃላችሁ። ሳቁ። እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያን ጠዋት ግን አንዲት አሮጊት ባዶ ቅሏን ዘቅዝቃ አሳይታኝ ዝም ብላ ስትመለስ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ወደ ዲመካ ሮጬ ደብዳቤውን ልቀማ ብዬም አሰብሁ። መንገዱን አላውቀውም።

የቀረውን ስብከት አላወጣሁትም። ሐሙስ ሆዴን ታመምሁ። ያችው አሮጊት ናት ያስታመመችኝ። በቅል ሸፈሮ አመጣችልኝ። ለማታውቁት፣ ከቡና ገለባ የሚፈላ ነው፤ ትኩስና ብዙ። አርብ ትንሽ ሲሻለኝ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። አንዱ አባት ሸፈሮውን በአፋቸው ያዙና እፍ ብለው ረጩት። ፍንጣቂው ፊቴ ላይ አረፈ። እኔ ምን አደረግሁ? መሐረብ አውጥቼ ጠረግሁት። ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ በጆሮዬ "ሲመርቁህ ነበር" አለኝ። ጤና፣ ዝናብ፣ ከብት፣ መልካም ዕድል፣ ያን ሁሉ በርጆ ይሉታል። የሰጡኝን በርጆ በመሐረብ ጠርጌ ኪሴ ከተትሁት። አውቃለሁ፣ ከእናንተ መካከል "ደግ አደረግህ፣ የባዕድ ሥርዓት ነው" የምትሉ አላችሁ። እሱን ክርክር ሌላ ቀን እንከራከር። እኔ የምለው፣ ምን እንደ ጠረግሁ አላወቅሁም ነው። ሳያውቁ መጥረግ እምነት አይደለም።

ቅዳሜ የዲመካ ገበያ ነው። ከልጁ ጋር ወረድን። ያለኝን ገንዘብ ከሞላ ጎደል በጨው ጨረስሁ። በአህያ አስጭነን ተመለስን፤ ሠላሳ ሁለቱንም ቅል ሞላሁ። እዚህ የሰማ አንድ ወንድም በኋላ "በጨው ገዛሃቸዋ!" ብሎኛል። አልገዛሁም። ዕዳዬን ነው የከፈልሁ። በአራት ሰዓቱ መንገድ ላይ ግን ልጁ የሐመርኛ ቃል ያስተምረኝ ነበር። ዛፍ፣ ፍየል፣ ውሃ፣ ጥላ። ስሳሳት ይስቃል፣ እደግመዋለሁ። ዛሬ ተልእኮህ መቼ ጀመረ ብትሉኝ ከዚያ አህያ ኋላ ነው የምላችሁ።

የኢዮብን ወዳጆች ታውቋቸዋላችሁ። ሁላችን እንወቅሳቸዋለን። ግን ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ማንም አንዲት ቃል አልተናገረም። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱና ነገሩን አበላሹት። ጥሩ ሥራ የሠሩት ያችን አንድ ሳምንት ብቻ ነው። እኛ ያችንም አልቻልናትም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ወደ ቤቱ ሰዎች።

ደብዳቤዬ ከአምስት ሳምንት በኋላ እዚህ ደረሰ። ተነበበ። እልል አላችሁ፣ ከበሮ ተመታ። ለሠላሳ ሁለቱ የምስጋና ጾም ጸሎት ተያዘ። ለእኔ የመጣልኝ መልስ አጭር ነበር፦ "እግዚአብሔር ይመስገን። በሚቀጥለው ወር 100 እንጠብቃለን።" እውነቱን የሚናገር ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጻፍሁ። ሦስቱንም ቀደድኋቸው። ፈሪ ነበርሁ፤ ኃጢአቱ የእኔ ነው፤ ንስሐ ገብቼበታለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከእናንተ አንድ ሰው "ልጄ፣ በልተሃል?" ብሎ ቢጽፍልኝ ኖሮ የምቀድድ ይመስላችኋል?

ትናንት ለነዚህ ልጆች የታደለውን ፎርም አየሁት። አሁንማ በቴሌግራም ነው፣ በየሳምንቱ እሑድ ማታ። አራተኛው መስመር፦ "በዚህ ሳምንት ጌታን የተቀበሉ ብዛት።" አምስተኛው፦ "ፎቶ ይያያዝ።" ወደ ታች ወረድሁ፣ ወደ ላይ ወጣሁ። ስንት ቃል ተማርህ የሚል የለም። ማን ቤት በላህ የሚል የለም። ታመሃል ወይ የሚል የለም። ገና ሻንጣውን ያልፈታ ልጅ በሰባተኛው ቀን ምን ቁጥር ይጻፍላችሁ? ይዋሻል! እኔ እንደዋሸሁት ይዋሻል! የምታሠለጥኑት ውሸት ነው!

አታጨብጭቡ። ፎርሙን ያዘጋጁትም አብረው እያጨበጨቡ ነው።

ኦኔሲሞስ ነሲብን በየዓመቱ እናነሣዋለን። ከኢሉባቦር በልጅነቱ ተሰርቆ የተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ፣ ወንጌልን ለኦሮሞ ሕዝብ በአፉ ያደረሰ። በሱዳን በኩል ወደ አገሩ ሊገባ በፈረንጆች 1881 ተነሣ፤ መንገዱ ተዘጋበት። በሌላ በር ሞከረ፤ እሱም አልሆነም። ወለጋ የገባው በ1904 ነው። ሃያ ሦስት ዓመት! በዚያ መካከል ከአስቴር ጋኖ ጋር ቃላት ሲለቅም፣ ሲተረጉም ኖረ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 በኦሮምኛ ታተመ። በእኛ ፎርም ቢሆን ኖሮ አራተኛው መስመር ላይ ለ23 ዓመት ምን ይሞላ ነበር? አምስተኛውስ? ምን ፎቶ?

ወላይታንም እንወደዋለን፤ ለስብከት ይመቻል። በ1928 በፈረንጆች ነው ሚስዮናውያኑ ሶዶ የገቡት። ጣሊያን ሲያስወጣቸው፣ በ1937፣ የተጠመቁት 48 ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት፣ 48 ሰው። ዛሬ ቢሆን ፕሮጀክቱ ይዘጋ ነበር። ጣሊያን ተባርሮ ሲመለሱ ግን ወደ 10 ሺህ ሆኖ ጠበቃቸው። ማንም ፈረንጅ ሳይቆጥር፣ ማንም ፎርም ሳይልክ፣ እየተገረፉና እየታሰሩ። እኛ አሥር ሺውን እናወራለን። አርባ ስምንቱ ላይ የፈሰሰውን ዘጠኝ ዓመት አንዘልለውም ወይ?

እኔ ሐመር ዘጠኝ ዓመት ቆየሁ። የመጀመሪያው ሰው የተጠመቀው በሦስተኛው ዓመት ነው። አንድ ሰው። ያ ልጅ ነው ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ አይደለም። እሱ እስካሁን አልመጣም። ዲመካ ሱቅ ከፍቷል። ስደውልለት መጀመሪያ የሚለኝ "ጋሼ፣ ጨው ፈለግህ?" ነው።

ፕሮግራም መሪው ሰዓቱን እያሳየኝ ነው። እሺ።

የቀረውን ባጭሩ። አጎበር ያዙ፤ ወባ ጸሎተኛ አይመርጥም። ደመወዝ ይዘገያል። ይህን ለሽማግሌዎች ነው የምናገረው፤ አታዘግዩት። እጮኛ ያላችሁ በየሳምንቱ ደውሉ፣ ኔትወርክ ካለ። ስለ አለባበስ ልናገር አስቤ ነበር፣ ትቼዋለሁ።

ለ11ዳችሁ አንድ ልመና አለኝ። የመጀመሪያዋን እሑድ ፎርሙ ሲመጣላችሁ አራተኛው መስመር ላይ ዜሮ ጻፉ። በትልቁ። ከጎኑ ያስተናገደቻችሁን እናት ስም ጻፉ። ማንም ቢቆጣችሁ ስልኬን ስጡት።

አንድ ነገር ቀርቷል። ኮሪደሩ ላይ ያለውን የሚስዮን ካርታ ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። ሁለቴ ታድሷል፤ ቀለሙም ተለውጧል። ደቡብ ኦሞ ላይ ግን አሁንም "ሐመር፣ 1994፣ 32" ይላል። ዛሬ ስገባ አየሁት። ስትወጡ በዚያው ነው የምታልፉት። ላጲስ አይሠራም፣ ዘይት ቀለም ነው። ቢላዋ ይዤ መጥቻለሁ። እኔ ግን አልደርስበትም። ከእናንተ ከ11ዱ ረጅሙ ማነው? አንተ? ና፣ ተከተለኝ። እናንተ ወንበር ያዙለት።