በጀታችንን በሐምሌ ንገሩን

የተከበራችሁ የአስተዳደሩ የሥራ ኃላፊዎች፣ የትምህርትና የፋይናንስ ባለሙያዎች፣ የጉድኝት ሱፐርቫይዘሮች፣ ባልደረቦቼ ርዕሳነ መምህራን፤ እንደምን አደራችሁ፣ አካም ቡልተን፣ ሱባህ ወናግሰን።

በእኛ ከተማ ታላቁንም ታናሹንም «አንተ» ማለት ድፍረት አይደለም፤ ፍቅር ነው። ዛሬ መድረኩ የሥራ ስለሆነ «እናንተ» እያልሁ ለመናገር እሞክራለሁ። በመካከል ቢያመልጠኝ የድሬ ልጅ ናት ብላችሁ እለፉኝ።

ባልደረቦቼ እንድናገር ሲመርጡኝ ስለ ገንዘብ ማነስ የማለቅስ መስሏቸው ከሆነ አዝናለሁ። ገንዘቡ ማነሱን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከትምህርት በጀቱ ትልቁ ድርሻ ለደመወዝ እንደሚሄድ፣ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጥቂት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኛም እናውቃለን። እኔ የምናገረው ስለዚያችው ስለ ጥቂቷ ነው። ስንት እንደሆነች መቼ እናውቃለን? እጃችን ላይስ መቼ ትደርሳለች?

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ተማሪ የሚገባው መስከረም ነው። በመካከል ያሉት ሁለት ወራት ለአንድ ርዕሰ መምህር ከወርቅ ይበልጣሉ። ግቢው ባዶ ነው። ጣሪያ ቢነቀል የሚረበሽ ክፍል የለም፤ ወንበር ቢበየድ በብልጭታው ዓይኑን የሚጎዳ ልጅ የለም። መጸዳጃ ቤት የሚመጠጠው፣ ቦይ የሚጠረገው ያኔ ነው። ደግሞ ያ ጊዜ ክረምት ነው። በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የወሰደብን በዚሁ በክረምት ነበር። በዚህ ከተማ ያልተጠረገ ቦይ ምን እንደሚያመጣ የሚያስረዳን ሰው አያስፈልገንም።

ታዲያ በእነዚህ ሁለት ወራት ርዕሰ መምህሩ ምን ያደርጋል? ይጠብቃል። ስንት እንደተመደበለት ስለማያውቅ ከብረት ሠራተኛው ጋር መነጋገር አይችልም። ብር ሳይኖረው ቃል ከገባ ዕዳው በራሱ ይመጣል። መስከረም ይገባል፣ ጥቅምት ያልፋል። ቁጥሩ ሲታወቅ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ጣሪያውም እንዳፈሰሰ ነው።

ከዚያ ሰኔ ይመጣል። አበው «ሰኔና ሰኞ» የሚሉት ሁለቱ የገጠሙበትን ዓመት ነው፤ ለእኛ ግን ማክሰኞም ቢብት ሰኔ ሁልጊዜ ሰኔና ሰኞ ነው። ያልተጠቀምንበት ብር ተመላሽ ይሆናል፤ ተመላሽ ያደረገ ትምህርት ቤት ደግሞ «ገንዘብ አያስፈልገውም» ይባላል። ስለዚህ እንገዛለን።

አንድ ታሪክ ልናገር፤ ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ማንንም አላማም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግንቦት መጨረሻ ላይ በጽሕፈት መሣሪያ መደብ የተረፈ ገንዘብ እንዳለን አወቅን። የሚያስፈልገን የውሃ ቧንቧ ነበር። የድሬዳዋን ውሃ ታውቁታላችሁ፤ በጀበና ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚሠራ ውሃ ነው። ቧንቧችንን ደፍኖት ልጆቹ ከቤታቸው በሃይላንድ ይዘው ይመጡ ነበር። የጽሕፈት መሣሪያ ገንዘብ ግን ቧንቧ አይገዛም። የበጀት ዝውውር ለመጠየቅ ጊዜው አልፏል። ከሦስት ነጋዴ የዋጋ ማቅረቢያ ፕሮፎርማ አሰባስበን ካርቦን ወረቀትና የማኅተም ቀለም ገዛን። ካርቦን ወረቀት! በደንቡ መሠረት ገቢ ሆነ፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ተቆረጠ፣ እኔ ፈረምሁ። ኦዲተሩ መጥቶ አንድም ግድፈት አላገኘብኝም። ካርቦኑ እስካሁን አላለቀም። ዕቃ ግምጃ ቤት በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ፤ የሚያየኝም ይመስለኛል።

ሌባ አልነበርሁም፤ ደንብም አልጣስሁም። እንዲያም ሆኖ የሕዝብ ገንዘብ ባከነ። እንዲህ ዓይነቱ ብክነት በየትኛውም የኦዲት ሪፖርት ላይ አይወጣም፤ ሁሉም ወረቀት የተሟላ ነውና።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ምክር ቤቱ በጀቱን ባጸደቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ገጽ ደብዳቤ ይድረሰው። ለሥራ ማስኬጃ ይህን ያህል፣ በድጎማ ይህን ያህል፣ የመጀመሪያው ክፍያ በዚህ ወር ይለቀቃል ይበል። መጠኑ ትንሽ ቢሆን ግድ የለም። አሥር ሺህ ብር እንደሚደርሰው በሐምሌ ያወቀ ርዕሰ መምህር፣ ሃያ ሺህ ብር በግንቦት ከሚደርሰው የተሻለ ይሠራል። ገንዘቡ የሚቀነስ ከሆነም ሳንገዛ ንገሩን። ከመደብ ወደ መደብ የማዛወር ጥያቄም እስከ ሚያዝያ ድረስ ቀርቦ በሁለት ሳምንት ውስጥ «አዎ» ወይም «አይሆንም» ይባል። «አይሆንም» እንኳ መልስ ነው፤ ዝምታ ግን ካርቦን ያስገዛል።

ወደ ድጎማው ልሂድ። በ2001 ዓ.ም. የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ሲጀመር የትምህርት ቤት ድጎማ አብሮ መጣ። በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ለየትምህርት ቤቱ የሚሰጥ፣ አጠቃቀሙን ከወላጆች ጋር ተመካክረን የምናቅደው ገንዘብ ነው። ለብዙዎቻችን «እናንተ ወስኑ» የተባልንበት የመጀመሪያው ብር እሱ ነበር። ወላጆች ስብሰባ መምጣት የለመዱት ከዚያ ወዲህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ የሚወሰን ነገር ነበረዋ።

በተማሪ ቁጥር ማካፈል ፍትሐዊ ይመስላል፤ በግማሹም ነው። ለአንድ ልጅ መቶ ብር ይመደባል እንበል። ሳቢያን ወይም ቀፊራ አካባቢ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ልጆች ያሉት ትምህርት ቤት አንድ መቶ ሃያ ሺህ ብር ያገኛል። በገጠር ቀበሌ፣ በዋሂል ወይም በቢዮ አዋሌ በኩል መቶ ሰማንያ ልጆች ያሉት አሥራ ስምንት ሺህ ያገኛል። የአጥር በሩ ግን አንድ ዓይነት ነው። የበር መቀርቀሪያ ለገጠር ልጅ በቅናሽ አይሸጥም፤ እንዲያውም የጭነቱ ዋጋ ይጨመርበታል። ለሁሉም እኩል የሆነ መነሻ ተመድቦ የቀረው በቁጥር ቢካፈል ትንንሾቹ ይተነፍሳሉ። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ጥቂት እናጣለን። እኔ ከትልልቆቹ ነኝ፤ እያወቅሁ ነው የምናገረው። የምታጉረመርሙትንም እየሰማሁ ነው።

ሌላ ቀመሩ የማያየው ነገር ቋንቋ ነው። ልጆቻችን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይማራሉ። ይህ ክብራችን ነው፤ ድሬዳዋ ያለዚህ ድሬዳዋ አትሆንም። ነገር ግን ሂሳቡን እንሥራው። በሁለት ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ለሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ሁለት መምህር፣ ሁለት ዓይነት መጽሐፍ፣ ሁለት የመማሪያ ክፍል ይፈልጋል፤ በአንዱ ክፍል ስድሳ፣ በሌላው ሃያ ሁለት ልጅ ቢኖርም። አንዷ መምህርት ለወሊድ ስትወጣ ከጎረቤት ክፍል ተተኪ አይመጣም፤ ቋንቋው አይገጥምማ። በወረቀት ላይ «የመምህር ትርፍ አለ» የሚባለው ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ መምህር የሚውል ክፍል የሚገኘው ለዚህ ነው። የሰው ኃይል ድልድል ስትሠሩ የትምህርት ቤቱን ጠቅላላ ቁጥር ሳይሆን በየቋንቋው ያለውን እዩልን።

ስለ ሕንፃ ብዙ አልናገርም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ «ትምህርት ለትውልድ» በሚለው ንቅናቄ ኅብረተሰቡ በየቦታው እጁን ዘርግቷል፤ ይመስገን። ብቻ አንድ ነገር አስተውሉ፤ አዲስ ክፍል ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ማጠፊያ ሲቀየር ግን የሚቆረጥ ሪባን የለም። የተመረቀው ክፍል በሦስተኛው ዓመት በሩ ሲወልቅ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቆርቆሮው ግሎ ልጆች ፈተና ላይ ሲያንጎላጁ፣ የቬንትሌተሩ የመብራት ክፍያ የሚወጣው ከዚያችው ከሥራ ማስኬጃ ነው።

አሁን ወደ ድጋፍ አገልግሎት። ሱፐርቫይዘሮች እዚህ ስላላችሁ ፊት ለፊት ልናገር። አብዛኛውን ጊዜ የምትመጡት ቼክሊስት ይዛችሁ ነው። ዕቅድ አለ? አለ። ቃለ ጉባኤ አለ? አለ። ተፈርሟል? ተፈርሟል። ትሄዳላችሁ። በእናንተ አልፈርድም፤ ከእናንተም ላይ ያንን ወረቀት የሚጠብቅ አለ። ግን አንድ ቀን አንዱ ሱፐርቫይዘር ፎርሙን መኪና ውስጥ ረስቶት መጣ። ምን ያድርግ? ሦስተኛ ክፍል ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። ልጆቹ አንቀጹን በቃል እንደያዙት፣ እንደማያነቡት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነቃ። መምህርቷን አስፈቅዶ ጠመኔ አነሣ፤ የአንቀጹን ቃላት አዘበራርቆ ሰሌዳው ላይ ጻፈና «አንብቡ» አላቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ከመምህርቷ ጋር ቁጭ ብለው ለሁለት ሳምንት የሚሆን የንባብ ትምህርት አዘጋጁ፤ ተመልሶም መጣ። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ጉብኝቶች ሁሉ የበለጠው ፎርም የተረሳበት ነው።

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 3.3 በመቶው ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ ሲያመጡ አገር ደነገጠ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሰ። ተሻሽሏል፤ ያም ሆኖ ከመቶው ከዘጠና አንድ በላይ ወድቀዋል። እነዚያ ልጆች የወደቁት የፈተናው ዕለት አይደለም። ፎርሙን የረሳው ሱፐርቫይዘር እንዳያቸው ልጆች፣ ሦስተኛ ክፍል ላይ አንቀጹን በቃል ይዘው ያለፉ ናቸው። የድጋፍ ገንዘብ ካለ እዚያ ይዋል።

የልዩ ፍላጎት ትምህርት ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከል ለአጎራባች ትምህርት ቤቶች ማዕከል በሆነ በአንድ የጉድኝት ትምህርት ቤት ይቋቋማል፤ የብሬል ወረቀቱም ባለሙያውም እዚያ ነው። ማየት የተሳነው ልጅ ግን ያለው በሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው። እናቱ በየቀኑ በባጃጅ አመላልሳ ልታስተምረው አትችልም። ዕቃው መንቀሳቀስ ካልቻለ ባለሙያው ይንቀሳቀስ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በታወቀ ፕሮግራም፣ የትራንስፖርት አበሉ ተይዞለት። ከአዲስ ሕንፃ እጅግ የሚረክስ ነገር ነው።

አሁን ፊቴን ወደ ባልደረቦቼ ላዙር። ቁጥር እንጨምራለን። ሁላችንም አይደለንም፤ ግን እንጨምራለን። መስከረም የተመዘገበ፣ ኅዳር ላይ የሌለ ልጅ ስሙ እስከ ሰኔ ይቆያል፤ በቁጥር የሚከፈል ገንዘብ አለና። እንዲህ እያደረግን «ቀመሩ በድሎናል» ማለት አንችልም። የእናንተ ቁጥር ሲያብጥ የሚቀነሰው ከጎረቤታችሁ ትምህርት ቤት ነው። ከዚህም ሌላ የድጎማው ገቢና ወጪ ወላጅ በሚያየው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ስንቶቻችን ለጥፈናል? እኔ ባለፈው ዓመት ለጥፌ ነበር፤ ዘንድሮ ግን እስከ ትናንት አልለጠፍሁም። እዚህ ቆሜ ማውራቴ ስላሳፈረኝ ትናንት ማታ ለጠፍሁት። ጠዋት አንዲት እናት ቆማ ስታነብ አገኘኋት፤ «ለጠመኔ ይሄ ሁሉ?» አለችኝ። አስረዳኋት፤ ያሳመንኋት አይመስለኝም።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ከጠየቅናችሁ ውስጥ መነሻ ድጎማው ጥናት ይፈልጋል፤ የመምህራን ድልድሉም ጊዜ ይወስዳል፤ እንጠብቃለን። ደብዳቤው ግን ወረቀትና ማኅተም ብቻ ነው። የማኅተም ቀለም ካነሳችሁ እኔ ጋ አለ፤ ካርቦንም እጨምራለሁ። ስለዚህ ከሻይ በኋላ ስንመለስ ሌላው አጀንዳ ከመከፈቱ በፊት ደብዳቤው የሚደርስበት ቀን ይቆረጥና በቃለ ጉባኤው ይያዝልን። እኛም በዚያው ቃለ ጉባኤ ላይ እስከ ኅዳር 30 ቀን በክፍል ተገኝተው የተቆጠሩ ተማሪዎችን ትክክለኛ ቁጥር ለማስገባት እንፈርማለን።

አመሰግናለሁ።