ስልኩ ይጮሃል፣ ፖስታው ዝም ይላል

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በእሁድ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ለማኅበረሰባችን የቀረበ ንግግር

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

እሁድን ያህል የዕረፍት ቀን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስለ ዕዳ ለመስማት ከቤት መውጣት ከባድ ነው። "ማን ያየኛል" ያሰኛል። ስለዚህ የራሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

በፈረንጆች 2006 ቤት ገዛሁ። ቅድመ ክፍያ አልነበረኝም። ሁለት ብድር ሰጡኝ፤ አንዱ 80 በመቶውን፣ ሌላው 20 በመቶውን የሚሸፍን። የትልቁ ብድር ወለድ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደሚቀየር ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ፈረምኩ እንጂ አላነበብኩም። 2008 ላይ ክፍያው ጨመረ። ታክሲ ነበር የምነዳው፣ ሥራውም በዚያው ዓመት ቀዘቀዘ። በ2009 ጸደይ ሦስት ወር ወደኋላ ቀርቼ ነበር።

የሚመጡትን ፖስታዎች ባለቤቴ እንዳታይ ታክሲው ውስጥ እደብቃቸው ነበር። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ከስኮርታው ጎማ ስር። አንድ ቀን ጎማ ተንፍሶብኝ ስከፍተው ቆጠርኳቸው። 22 ናቸው። አንዱም አልተከፈተም።

በዚያው ሰሞን አንድ ማታ የዘጠኝ ዓመት ልጄ የቤቱን ስልክ አነሳች። ዝም ብላ አዳመጠች፣ ከዚያ ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ እኔ ዞረች። "አባዬ፣ ፎርክሎዠር ማለት ምንድነው?" አለችኝ። ብድር ካልተከፈለ ባንኩ ቤቱን ወስዶ መሸጡ ነው። የደወለው ሰውዬ ይህን ለሕፃን ልጅ ነግሯታል። ያኔ የተሰማኝን ነገር እስከዛሬ በቃል ማስረዳት አልችልም።

አያቶቻችን ቁራኛ የሚሉት ነገር ነበራቸው። ባለዕዳና አበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። ዛሬም "የዓይን ቁራኛ" እንላለን። እኔ በዚያ ዓመት የስልኬ ቁራኛ ነበርኩ። በጮኸ ቁጥር ሆዴ ይገለባበጣል።

አሁን ዋናውን ነገር ልበል። ያ ሁሉ የሚደውልልኝ ሰው አብዛኛው የሞርጌጅ፣ ማለትም የቤት ብድር ባንኬ አልነበረም። የክሬዲት ካርድ ዕዳ የገዙ፣ ኮሌክሽን የምንላቸው ዕዳ ሰብሳቢዎች ነበሩ። ስለጮሁብኝ ለእነሱ በየወሩ 200 ዶላር እከፍል ነበር። ቤቴን ሊወስድ የሚችለው ግን በጸጥታ በፖስታ ይጽፍልኝ ነበር፤ የእሱን ደግሞ ከጎማ ስር ከትቼዋለሁ። የካርድ ዕዳ ሰብሳቢ ደሞዛችሁን ለመንካት መጀመሪያ መክሰስና መርታት አለበት። ለሞርጌጅ ግን ቤቱ ራሱ መያዣ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ቅድሚያው ለቤት፣ ለምግብ፣ ለመብራት፣ ለሥራ ለሚወስዳችሁ መኪና ነው። ካርዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አንድ የሚያም ነገርም ልናገር። እቁብ አንዘልም። ሞርጌጅ ግን እንዘላለን። እቁቡ ላይ ዳኛውም ጸሐፊውም ያውቁናል፣ እናፍራለን። ባንኩ አያውቀንም፣ ስለዚህ ይቆየን እንላለን። አገር ቤት ለሠርግና ለተዝካር ስንልክም እንዲሁ ነው። መላኩን አልቃወምም፣ እኔም እልካለሁ። ግን በዚያ ወር ቤቱ ካልተከፈለ ለእናታችሁ እውነቱን ንገሯት። እናት ልጇ ከቤቱ ወጥቶ ሠርግ እንዲደግስላት አትፈልግም።

ስለ ስልኩ ጥቂት ልበልና ወደ ፖስታው ልለፍ።

ዕዳ ሰብሳቢዎችን የሚገዛ የፌደራል ሕግ አለ፣ ከ1977 ጀምሮ። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መደወል አይችሉም። መሳደብ አይችሉም። "ፖሊስ እልክብሃለሁ፣ ትታሰራለህ" ማለት አይችሉም። በዚህ አገር ካርድ ባለመክፈል ማንም አይታሰርም። "ለኢሚግሬሽን እነግርብሃለሁ" የሚል ካለም በባዶ ሜዳ እያስፈራራችሁ ነው። ስለ ዕዳችሁ ለጎረቤት፣ ለአለቃ፣ ለልጅ መናገር አይችሉም። ለልጄ የነገራት ሰው ሕግ ጥሷል። ያኔ አላወቅሁም። ከ2021 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ስለ አንድ ዕዳ በሰባት ቀን ውስጥ ከሰባት ጊዜ በላይ መደወል እንደ ማዋከብ ይታያል።

መጀመሪያ ካገኟችሁ በአምስት ቀን ውስጥ ዕዳው የማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ማሳወቂያ ሊሰጧችሁ ይገባል። ያ ከደረሳችሁ በኋላ 30 ቀን አላችሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ "ይህን ዕዳ አላምንበትም፣ ማስረጃ ላኩልኝ" ብላችሁ በጽሑፍ ከጠየቃችሁ ማስረጃውን እስኪልኩ መሰብሰቡን ማቆም አለባቸው። በሪኮማንዴ ላኩት፣ ኮፒውን አስቀሩ። በስልክ ምንም ቃል አትግቡ። የቆየ ዕዳ ከሆነ ደግሞ "ለጊዜው ሃያ ዶላር ብቻ ክፈል" ሲሏችሁ አትቸኩሉ፤ በብዙ ስቴቶች ያቺ ሃያ ዶላር የመክሰሻ ጊዜው አልፎ በሞተው ዕዳ ላይ ሕይወት ልትዘራበት ትችላለች። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ዕዳው የእናንተ ባይሆን እንኳ መልስ ስጡ፣ ቅረቡ። ያልቀረበ ሰው ሳይከራከር ይፈረድበታል።

ወደ ፖስታው እንመለስ።

እኔ በ2009 ያልነበረኝ፣ እናንተ ግን ያላችሁ ነገር አለ። ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌደራል ደንብ መሠረት፣ ክፍያችሁን የሚሰበስበው ኩባንያ፣ ሰርቪሰር የምንለው፣ ከ120 ቀን በላይ ወደኋላ ካልቀራችሁ ፎርክሎዠር መጀመር አይችልም። አራት ወር ማለት ነው። ትልልቆቹ ሰርቪሰሮች ደግሞ እስከ 36ኛው ቀን በስልክ ሊያገኟችሁ መሞከር፣ እስከ 45ኛው ቀን ምን አማራጭ እንዳለ በጽሑፍ መላክ አለባቸው። እኛ የማንከፍተው ፖስታ እሱ ነው! የማስፈራሪያ መስሎን የምንደብቀው የእርዳታ ማመልከቻው ነው።

ማመልከቻውን ሙሉ አድርጋችሁ ከጨረታው ቀን ከ37 ቀን በላይ አስቀድማችሁ ካስገባችሁ፣ አይተው ሳይወስኑ ቤቱን መሸጥ አይችሉም። "ሙሉ" የሚለው ቃል ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። አንድ ወረቀት ጎደለ ማለት አልገባም ማለት ነው። የባንክ ስቴትመንት ሲጠይቁ ባዶውን የመጨረሻ ገጽ ሳይቀር ላኩ። ኡበር የምትነዱ፣ የደሞዝ ወረቀት የላችሁም፤ ቴን ናይንቲ ናይናችሁን፣ ማለትም የዓመት ገቢያችሁን የሚያሳየውን የግብር ቅጽ፣ እና የወራቱን ገቢና ወጪ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ታቀርባላችሁ። የላካችሁትን ቀን፣ ያናገራችሁን ሰው ስም፣ ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፉ።

ችግራችሁን የምታስረዱበት ደብዳቤም አለ። ባለፈው ክረምት ከአንዲት እህት ጋር ተቀምጠን ስንሞላ፣ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ "በቤተሰብ ችግር ምክንያት።" ምን ሆነሽ ነው አልኳት። አቀረቀረች። ባሏ ስትሮክ መትቶት ሦስት ወር ሥራ አልሄደም። እሷ በሌሊት ሽፍት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፣ ቀን እሱን ታጥባለች። ይህን ለምን አልጻፍሽም ስላት "ገመናዬን ለፈረንጅ እንዴት ልንገር" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እንዲህ ነው ያደግነው። ግን ማመልከቻውን የሚያየው ሰው የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ምን ተፈጠረ፣ መቼ ተፈጠረ፣ አሁን ምን ተሻሻለ። ባሏ በሳምንት ሦስት ቀን ሥራ ጀምሮ ነበር። ያን ጻፍን። የሆስፒታሉን ወረቀት አያያዝን። ሳይከፈል ወደኋላ የቀረውን ክፍያ ወደ ብድሩ መጨረሻ አሻገሩላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን።

ፎርቤራንስ ሲሰጧችሁ ምሕረት አይምሰላችሁ። ለጊዜው አትክፈሉ ማለት ነው እንጂ ዕዳው ይቆያል። "ሲያልቅ በአንዴ ነው የምከፍለው ወይስ ወደ መጨረሻ ይሻገራል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

"ወለዴ ፊክስድ ነው፣ ክፍያዬ ለምን ጨመረ?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። የንብረት ግብርና ኢንሹራንስ ስለሚጨምር ነው፤ ኢስክሮው በሚባለው ሂሳብ በኩል ከወርሃዊው ክፍያ ጋር ይመጣል። በየዓመቱ የሚላከውን የኢስክሮው ወረቀት እዩት።

ቨርጂኒያ የምትኖሩ ደግሞ ፍጠኑ። እዚህ ሜሪላንድ ነገሩ በፍርድ ቤት በኩል ያልፋል፣ ክሱ ከመግባቱ 45 ቀን አስቀድሞ ማሳወቂያ ይላካል፣ ሽምግልናም መጠየቅ ይቻላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ያለ ፍርድ ቤት ቤቱ ለጨረታ ሊወጣ ይችላል።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። በአማርኛ የሚደውሉ አሉ። "ወንድሜ፣ እኔ ሞዲፊኬሽን፣ የብድሩን ማስተካከያ፣ አስጨርስልሃለሁ፣ ሦስት ሺህ ዶላር አምጣ፣ ከባንኩ ጋር አትነጋገር።" እኔንም ከእነሱ አንዱ አግኝቶኝ ነበር፣ 1,800 ዶላር ወስዶ ስልኩን ዘጋ። ቋንቋችንን ስለሚናገር አመንኩት። እንዲህ ያለ ድርጅት እናንተ የምትቀበሉት ስምምነት ከባንኩ በጽሑፍ ሳይመጣ ገንዘብ መቀበል በፌደራል ደንብ ተከልክሏል። "ቤቱን ለጊዜው በእኔ ስም አዙረው" የሚል ካለ ደግሞ ከወንበራችሁ ተነሥታችሁ ሂዱ።

እውነተኛው እርዳታ ገንዘብ አይጠይቅም። የፌደራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት፣ ሃድ የምንለው፣ ያጸደቃቸው አማካሪዎች አሉ። ፎርክሎዠር ለገጠመው ሰው ምክሩ በነጻ ነው። ስልኩ 800-569-4287 ነው። ቤቴን ያተረፈልኝ እንደዚህ ያለ ቢሮ ነው። አማካሪዋ 22ቱን ፖስታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በቀን ደረደረቻቸው። 19ኙ አንድ ዓይነት ነበሩ። ሰባት ወር ፈጀ፣ ግን ብድሩ ተስተካከለ። ያኔ የረዳኝ የመንግሥት ፕሮግራም በ2016 መጨረሻ ተዘግቷል፤ "የኦባማውን ሙላልኝ" የምትሉኝ ይህን እወቁ። አማራጭ ግን ዛሬም አለ።

ቤቱን ማቆየት የማይቻልበት ጊዜም አለ። ከዓመታት በፊት የገዛችሁ ቤታችሁ ከዕዳው በላይ ያወጣ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ጨረታ ሳይደርስ ራሳችሁ ሽጡት፣ የደከማችሁበትን ይዛችሁ ውጡ። መሸጥ መሸነፍ አይደለም። ጎረቤት ምን ይላል ብሎ እስከ መጨረሻው ቀን ተቀምጦ ባዶ እጁን የወጣ ሰው አውቃለሁ፤ ጎረቤቱ ምንም አላለም።

ንግግሬን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ከኋላ፣ ከቡናው አጠገብ፣ ሁለት ጠረጴዛ አዘጋጅተናል። ከእኔ ጋር ሦስት በጎ ፈቃደኞች አሉ፣ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እንቆያለን። ስም አንመዘግብም። ፖስታችሁን መኪና ውስጥ ትታችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ሄዳችሁ አምጡት። ያልተከፈተም ይሁን፣ መክፈቻ ቢላ አለን።