መሪ ከመጨበጣችሁ በፊት የትኛውን ክኒን ዋጣችሁ?
(በባሕር ዳር ለባጃጅና ለጀልባ አሽከርካሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አሽከርካሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲያብብ፣ በጋው ገብቶ አቧራው ሲነሣ፣ መድኃኒት ቤት መጥታችሁ የምትሉት ያው ነው፤ «የአፍንጫ ስጡኝ»። የአፍንጫ የሚባል አንድ መድኃኒት ግን የለም። ሥራቸው የተለያየ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው፣ የአለርጂው፣ ያስተኛል፤ ሌላኛው፣ የመደፈኑ፣ ልብ ያስመታል፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ክኒን ውስጥ ተቀላቅለው ይሸጣሉ።

ከአለርጂ እንነሣ። የሣር ብናኝ ወይም አቧራ የማይስማማው ሰው ሲስበው፣ አፍንጫው ውስጥ ያሉት ማስት ሴሎች የተባሉ የመከላከያ ሴሎች ያከማቹትን ሂስታሚን የተባለ ኬሚካል ይለቃሉ። ሂስታሚኑ ኤች 1 በተባሉ ተቀባዮች ላይ ያርፋል። ነርቭ ላይ ሲያርፍ ያሳክካል፣ ያስነጥሳል፤ ደም ሥር ላይ ሲያርፍ ግድግዳውን ያላላና ፈሳሽ ያሾልካል። ፀረ ሂስታሚን የተለቀቀውን አያጠፋም፤ ተቀባዩን ይይዝበታል እንጂ። ስለዚህ አለርጂው ወቅት ጠብቆ የሚነሣበት ሰው፣ ሲብስበት ብቻ ከሚውጥ በወቅቱ በየቀኑ ቢወስድ ይሻለዋል።

የቆዩት ፀረ ሂስታሚኖች፣ ማለትም ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ዳይፈንሃይድራሚን፣ በቀላሉ አንጎል ይገባሉ። አንጎል ውስጥ ደግሞ ሂስታሚን ንቁ አድርጎ የሚያቆየን ነገር ነው፤ ሲታገድ እንቅልፍ ይመጣል። ክሎርፌኒራሚን ለአዋቂ 4 ሚሊግራም በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ በቀን ከ24 ሚሊግራም አያልፍም። «ማታ ስለዋጥሁት ጠዋት ለቆኛል» የሚባለው አያስተማምንም፤ ግማሹ ከደም እስኪወጣ 20 ሰዓት ገደማ ሊፈጅ ይችላል። እንቅልፍ ሳይሰማችሁም እግራችሁ ፍሬን ላይ ሊዘገይ ይችላል፤ አደገኛው ይኼ ነው። ጠላ ወይም አረቄ ሲጨመርበት ይብሳል። ሽንት ለሚያስቸግራቸው የፕሮስቴት ሕመምተኞችና ግላኮማ ላለባቸውም አይመከሩም፤ ሽንት ይይዛሉ፣ የዓይን ግፊት ይጨምራሉ።

ለሚያሽከረክር ሰው የሚሻሉት ሎራታዲንና ሴቲሪዚን ናቸው፤ ሁለቱም ለአዋቂ 10 ሚሊግራም በቀን 1 ጊዜ። ሴቲሪዚን አንዳንዱን ሰው ያፈዝዘዋልና የመጀመሪያውን ክኒን ሥራ በማትወጡበት ቀን ሞክሩት።

ጉንፋን ሌላ ነው። የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ በሂስታሚን የሚነዳ ስላልሆነ ሎራታዲን እምብዛም አይረዳም። ክሎርፌኒራሚን ንፍጥ ትንሽ የሚቀንሰውም በማድረቅ ጠባዩ ነው፤ አፍን የሚያደርቀውም ያው ጠባይ ነው።

አሁን ወደ መደፈን። አፍንጫችን ውስጥ፣ ግራና ቀኝ፣ ደም የሚመጥጥ እንደ ስፖንጅ ያለ ሥጋ አለ። ደም ሲሞላው ያብጥና መተንፈሻውን ይዘጋል። ብዙ ሰው አፍንጫው በንፍጥ የተደፈነ ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የዘጋው ግን ይህ እብጠት ነው፤ ተናፍጣችሁ የማይከፈተውም ለዚህ ነው። የመደፈን መድኃኒት የእነዚህን ደም ሥሮች ጡንቻ ያኮማትራል፤ ደሙ ሲወጣ ሥጋው ይሟሽሻል።

ከእነዚህ የመደፈን መድኃኒቶች አንዱ፣ ሱዶኤፌድሪን ክኒን፣ በመላ ሰውነት ስለሚሰራጭ የሌላውንም ደም ሥር ያጠባል፤ ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሣል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሳይጠይቅ አይውሰደው። ጫት ከምትቅሙበት ቀንም አትቀላቅሉት፤ ሁለቱም ልብን በአንድ አቅጣጫ ይገፋሉ። ሌላው የመደፈን መድኃኒት፣ ፌኒለፍሪን ክኒን፣ ደግሞ አብዛኛው አንጀትና ጉበት ላይ ይፈርሳል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አማካሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 በአፍ ሲወሰድ አፍንጫ እንደማይከፍት ተስማምተዋል። በእኛ አስተያየት ገንዘባችሁን አታውጡበት።

የአፍንጫ ጠብታው፣ ዛይሎሜታዞሊን፣ በደቂቃዎች ይከፍታል። ለአዋቂ 0.1 በመቶው ነው። መጀመሪያ ተናፈጡ። አልጋ ላይ ተጋድማችሁ ጭንቅላታችሁን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጉ፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ 2 ወይም 3 ጠብታ አድርጋችሁ ጥቂት ቆዩ። ጉሮሯችሁ ላይ ከመረራችሁ ከአፍንጫ አልፎ ወርዷል ማለት ነው። በቀን ከ3 ጊዜ አይበልጥም፤ ጠርሙሱንም ከጓደኛ ጋር አትጋሩ።

ከ5 ቀን በላይ ግን አትሂዱበት። ሲደጋገም ደም ሥሩ መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ኃይሉ ሲያልቅ ከበፊቱ ብሶ ያብጣል፤ እናንተም እንደገና ትጨምራላችሁ። «ሳይነሴ አልድን አለኝ» የሚል ሰው ኪሱ ቢፈተሽ ጠብታ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ለመላቀቅ መጀመሪያ በአንደኛው ቀዳዳ አቁሙ፤ እሱ መተንፈስ ሲጀምር ሌላውን ተዉ። ሐኪም እብጠት የሚቀንስ የስቴሮይድ የአፍንጫ ስፕሬይ ቢያዝላችሁ መሻገሩ ይቀልላል።

አቧራ ውሎ ለሚገባ ሰው ጨው ያለበት ውኃ ጥሩ ነው፤ ሩብ ሊትር ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ ጨው። ውኃው ፈልቶ የበረደ ይሁን። ከጣና ቀድታችሁ እንዲሁ አፍንጫ ውስጥ አታስገቡ፤ የቧንቧውንም ቢሆን አፍሉት።

በተለይ ለጀልባ ነጂዎች፦ ተሳፋሪ ንብ ነድፋው ከንፈሩ ወይም ጉሮሮው ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ካዞረው፣ ሴቲሪዚን ሰጥታችሁ አትጠብቁ። ክኒኑ ይዘገያል፣ የወደቀ ግፊትም አያነሣም። የሚያስፈልገው ጭኑ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። አጋድሙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ ትንፋሽ ካስቸገረው ደግፋችሁ አስቀምጡት። ገዳም ለማየት የሚጓዙ ሌሎች ተሳፋሪዎች ቢኖሩም መሪውን ጤና ተቋም ወደሚቀርበው ወደብ አዙሩ፤ መኪናም በስልክ አስቀድማችሁ አስጠብቁ።