ስክሪኑ አልቀየር ሲል

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ልታዳምጡኝ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማነሳው ዌብ አፕሊኬሽን የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ችግር ነው። ተጠቃሚው በተኑን ይጫናል፣ ፋንክሽኑ ይጠራል፣ ስክሪኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ወይም ይቀየርና አንድ እርምጃ ወደኋላ የቀረ ቁጥር ያሳያል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ደግሞ አንዴ ሠርቶ አንዴ እምቢ የሚለው ነው። ምሳሌዎቼን በአብዛኛው የምወስደው የዌብ ገጽ ማሳያ ለመሥራት ከሚያገለግለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ከሪአክት ነው፤ ብዙዎቻችን የምንውልበት እሱ ላይ ነውና።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን እጃችን ቶሎ የሚሄድባቸው ማስተካከያዎች አሉ። ኮዱን አዘግይቶ በሚያስነሳው ሴትታይምአውት ውስጥ እንከተዋለን፤ ገጹ ከታየ በኋላ የሚሠራ አንድ ተጨማሪ ዩዝኢፌክት እንጽፋለን፤ ያንኑ ዳታ በሁለተኛ ስቴት፣ ማለትም ገጹ በሚያስታውሰው ሌላ ቫልዩ፣ ኮፒ አድርገን እንይዛለን። ስክሪኑ ይስተካከላል፣ እኛም ወደሚቀጥለው ሥራ እናልፋለን። ችግሩ ግን አለ። ተደብቋል እንጂ አልተፈታም፤ ቆይቶም ኢንተርኔቱ ዘገምተኛ በሆነ ተጠቃሚ ስልክ ላይ ብቅ ይላል። ስለዚህ ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት የተበላሸው የቱ ጋ እንደሆነ እንድትለዩ አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

መለየት ይቻላል፤ ከባድም አይደለም። ከበተኑ እስከ ስክሪኑ ባለው መንገድ ላይ ሦስት ነገር መጠየቅ ነው። ስቴቱን የሚቀይረው ፋንክሽን ተጠርቷል ወይ? ከተጠራ ኮምፖነንቱ፣ ማለትም ያንን የገጹን ክፍል የሚሠራው ፋንክሽን፣ እንደገና ሬንደር ሆኗል ወይ፣ ማለትም ሪአክት እንደገና ጠርቶታል ወይ? ሬንደር ከሆነስ ስክሪኑ ላይ የሚታየው በእርግጥ ከዚያ ስቴት የተነበበ ነው ወይ? በተኑ በሚጠራው ፋንክሽን ውስጥ አንድ ኮንሶል ሎግ፣ ማለትም በብራውዘሩ ኮንሶል ላይ መልእክት የሚያትም መስመር፣ በኮምፖነንቱ ውስጥ ደግሞ የሚታየውን ከሚመልሰው ሪተርን በላይ ሌላ ኮንሶል ሎግ አስቀምጡ። የመጀመሪያው ካልታተመ ጉዳዩ የስቴት አይደለም፤ በተኑን ከፋንክሽኑ ጋር የሚያገናኘው ኦንክሊክ አልታሰረም፣ ወይም ሌላ ኤለመንት በተኑ ላይ ተኝቶበታል። የመጀመሪያው ታትሞ ሁለተኛው ዝም ካለ ሪአክት ለውጥ አላየም ማለት ነው። ሁለቱም ታትመው ስክሪኑ አሮጌ ከሆነ የሚታየው ነገር የሚነበበው ከሌላ ቦታ ነው። ሁለት መስመር ሎግ ጽፎ የፍለጋውን ቦታ ማጥበብ፣ በግምት ኮድ ሲያገላብጡ ከመዋል እጅግ ይሻላል።

ሎጉ ራሱ የሚያሳስትበት ቦታ ግን አለ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ሴትቁጥር» የሚባል መቀየሪያ አለን እንበል። ቁጥሩ 0 ነው። በአንድ መስመር «ሴትቁጥር፣ ቁጥር ሲደመር 1» ብለን ጠራነው፤ በሚቀጥለው መስመር ቁጥርን ኮንሶል ላይ አሳተምን። የሚወጣው 0 ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «መቀየሪያው አልሠራም» ይላል። ሠርቷል። ሪአክት ጥያቄያችንን መዝግቦ ይይዛል፤ በእጃችን ያለውን ቫሪያብል ግን አይነካውም። እያንዳንዱ ሬንደር የራሱ ቁጥር አለው፤ በዚያ ሬንደር ውስጥ የተፈጠረው ፋንክሽን ሁሉ የሚያየው ያንኑ ነው። አዲሱ ቁጥር የሚገኘው በሚቀጥለው ሬንደር ነው። ለዚህ ነው ሎጉን ከመቀየሪያው ሥር ሳይሆን ከሪተርኑ በላይ አድርጉት ያልኳችሁ።

ይህን ነጥብ አጥብቆ የያዘ ሰው ግማሹን ችግር ጨርሷል ብዬ አምናለሁ። በአንድ ክሊክ ውስጥ «ሴትቁጥር፣ ቁጥር ሲደመር 1» የሚለውን ሦስት ጊዜ ብንጽፍ ውጤቱ 3 ሳይሆን 1 ነው፤ ሦስቱም መስመሮች ያዩት ያንኑ 0 ነውና ሦስቱም «1 አድርገው» ነው ያሉት። ትክክለኛው አጻጻፍ ለመቀየሪያው ቁጥር ሳይሆን ፋንክሽን መስጠት ነው፦ «የነበረውን ተቀብለህ 1 ጨምርበት» እንደማለት። ያኔ ሪአክት ጥያቄዎቹን በተራ ይሠራቸዋል፤ የአንዱ ውጤት ለሌላው መነሻ ይሆንና 3 ይወጣል።

አሁን ይህንኑ ነገር በሰዓት ቆጣሪ ላይ እንየው። ኮምፖነንቱ «ሰከንድ» የሚል ስቴት አለው፣ ከ0 ይጀምራል። ዩዝኢፌክት ውስጥ በየ1000 ሚሊሰከንዱ የሚሠራ ሴትኢንተርቫል ጽፈናል፤ ውስጡ «ሴትሰከንድ፣ ሰከንድ ሲደመር 1» ይላል። ዩዝኢፌክቱ መቼ እንደገና እንደሚሠራ የሚወስነው የዲፔንደንሲ አሬይ ባዶ ነው። ገጹ ይከፈታል፤ 0 ይታያል፤ ከአንድ ሰከንድ በኋላ 1 ይሆናል፤ ከዚያ ቀጥ ይላል። ኢንተርቫሉ የቆመ ይመስላል። ውስጡ ሎግ ብናስቀምጥ ግን በየሰከንዱ እየታተመ እናገኘዋለን። ያልቆመ ኢንተርቫል ለምን 1 ላይ ተቸከለ? ፋንክሽኑ የተፈጠረው በመጀመሪያው ሬንደር ነው። የያዘው ሰከንድ 0 ነው፤ ገጹ ለአንድ ሰዓት ክፍት ቢቆይም 0 ሆኖ ይኖራል። በየሰከንዱ የሚለው «1 አድርገው» ነው፤ ሪአክትም ስቴቱ 1 መሆኑን አይቶ የሚሠራው ነገር ያጣል። ሰከንድን ዲፔንደንሲው ውስጥ ብንጨምር ይሠራል፣ ነገር ግን ኢንተርቫሉ በየሰከንዱ እየፈረሰ እንደገና ይሠራል። ከዚያ ይልቅ እዚህም ለመቀየሪያው ፋንክሽን እንስጠው፤ ችግሩ በአንድ መስመር ይፈታል።

ስለ ዲፔንደንሲ ካነሳን፣ ኮድ የሚፈትሸው ኢኤስሊንት «ይህን ቫሪያብል አላስገባችሁም» ብሎ ሲያስጠነቅቅ በኮሜንት ዝም የሚያሰኙት አሉ። ኮድ ሪቪው ስታደርጉ ያንን ኮሜንት ካያችሁ እዚያ ላይ ቁሙ። አንዳንድ ጊዜ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አሁን የገለጽኩት ያረጀ ቫልዩ እዚያው ተቀምጧል።

የሬንደሩ ሎግ ዝም ወዳለበት ሁኔታ ልሻገር። ሪአክት አዲሱንና አሮጌውን ስቴት የሚያነጻጽረው ሁለት ቫልዩ አንድ መሆናቸውን በሚፈትሸው በኦብጀክት ዶት ኢዝ ነው። አሬይ ወይም ኦብጀክት ከሆነ ውስጡን አይፈትሽም፤ ሪፈረንሱ፣ ማለትም የሚያመለክተው የሜሞሪ ቦታ፣ ያው ከሆነ «አልተለወጠም» ብሎ ያልፈዋል። ዝርዝሩን በፑሽ አንድ ነገር ጨምረንበት ያንኑ አሬይ መልሰን ለመቀየሪያው ብንሰጠው ሬንደር የለም። ዳታው ግን ውስጡ ገብቷል። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ስቴት ሲቀየር ኮምፖነንቱ ሬንደር ይሆናል፤ ጠፍተው የነበሩት ሁሉ ባንድ ጊዜ ይወጣሉ። መጀመሪያ ላይ አንዴ ይሠራል አንዴ እምቢ ይላል ያልኩት ችግር ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ዘግይቶ ወይም ተጠራቅሞ የሚመጣ ለውጥ ስታዩ ፑሽን፣ ስፕላይስን፣ ሶርትን፣ ሪቨርስን በኮዱ ውስጥ ፈልጉ። በተለይ ሶርት ብዙዎችን ያሳስታል፤ የተደረደረ አሬይ ስለሚመልስ አዲስ ይመስላል፣ የሚመልሰው ግን ያንኑ አሬይ ነው። በ2023 የጃቫስክሪፕት መስፈርት ውስጥ የገባው ቱሶርትድ ዋናውን ሳይነካ አዲስ ይሰጠናል። ኦብጀክትን ወይም አሬይን ኮፒ ለማድረግ ስፕሬድ ስትጠቀሙም ኮፒ የሚደረገው የላይኛው እርከን ብቻ መሆኑን አስታውሱ፤ በአድራሻው ውስጥ ያለውን ከተማ ለመቀየር ሰውየውንም አድራሻውንም ኮፒ ማድረግ ያስፈልጋል። እርከኑ ሲበዛ ኢመር የሚባለው ላይብረሪ ሥራውን ያቀላል።

ሬንደር ሆኖ ስክሪኑ አሮጌ ሲሆንስ? መጀመሪያ የማየው ፕሮፕስ፣ ማለትም ወላጁ ኮምፖነንት የላከው ዳታ፣ ወደ ስቴት የተገለበጠበትን ቦታ ነው። ስቴት ለሚፈጥረው ለዩዝስቴት የምንሰጠው መነሻ ቫልዩ የሚነበበው በመጀመሪያው ሬንደር ብቻ ነው። ወላጁ ኮምፖነንት ሌላ ተጠቃሚ ቢልክም ፎርሙ የፊተኛውን ሰው ስም እንደያዘ ይቀራል። ከፕሮፕስ ሊሰላ የሚችል ነገር ስቴት ውስጥ አይግባ፤ ሬንደር ሲሆን ይሰላ። ፎርሙ ተጠቃሚ በተቀየረ ቁጥር ከባዶ እንዲጀምር ከፈለግን የተጠቃሚውን መለያ ቁጥር ኪ፣ ማለትም ሪአክት አንዱን ከሌላው የሚለይበት ምልክት፣ አድርገን እንስጠው። ኪ ካነሳን አይቀር፣ በዝርዝር ላይ ኢንዴክስን ኪ ያደረገ ሰው የመጀመሪያውን ረድፍ ሲሰርዝ ኢንፑቱ ውስጥ የተጻፈው ጽሑፍ ለሌላ ረድፍ ሲደርስ ያያል።

ሌላው ምክንያት ከሰርቨር የሚመጣ መልስ ነው። የፍለጋ ሳጥን ውስጥ ተጠቃሚው ሁለት ፊደል ጻፈ፣ ጥያቄ ተላከ፤ ሦስተኛውን ጨመረ፣ ሌላ ጥያቄ ተላከ። ኋላ የተላከው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ያኔ የፊተኛው ዘግይቶ ደርሶ ትክክለኛውን ውጤት ይደመስሰዋል። ዩዝኢፌክቱ እንደገና ከመሥራቱ በፊት በሚጠራው ክሊንአፕ ውስጥ የፊተኛውን ጥያቄ በአቦርትኮንትሮለር ማቋረጥ፣ ወይም መልሱ ሲመጣ እንዳይነበብ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ይህ ችግር ፈጣን ኢንተርኔት ላይ ብዙም አይታይም፤ በብራውዘሩ የኔትወርክ ታብ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩት።

ከሪአክት 17 ወደ 18 የተሻገራችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። እስከ 17 ድረስ ስቴት ለውጦች ተሰብስበው በአንድ ሬንደር የሚሠሩት ሪአክት በሚጠራቸው ኢቨንቶች ውስጥ ብቻ ነበር፤ ቆይቶ መልስ ከሚሰጥ ፕሮሚስ ወይም ከሴትታይምአውት በኋላ እያንዳንዱ ጥሪ ለብቻው ሬንደር ያስነሳ ነበር። በመጋቢት 2022 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው 18 ክሪኤትሩት በሚባለው አዲስ ማስጀመሪያ ለተነሳ አፕሊኬሽን በሁሉም ቦታ ይሰበስባቸዋል። በመካከል የነበረውን ሬንደር ተማምኖ የተጻፈ አሮጌ ኮድ እዚህ ላይ ይሰበራል።

እንደ ሪአክት ባሉት በቪዩና በስቬልት የምትሠሩም ከዚህ አታመልጡም። ቪዩ 2 በኢንዴክስ የተቀየረን የአሬይ ክፍል አያይም ነበር፤ በ2020 የወጣው ቪዩ 3 ለውጥን የሚከታተል ፕሮክሲ በመጠቀሙ ይህ ቀርቷል፣ ሆኖም ሪአክቲቭ ኦብጀክትን ዲስትራክቸር ስታደርጉ፣ ማለትም ክፍሎቹን ወደ ተለያዩ ቫሪያብሎች ስታወጡ፣ ግንኙነቱ ዛሬም ይቋረጣል። በስቬልት 4 ፑሽ ብቻውን ስክሪኑን አይቀይርም ነበር፤ ከ5 ጀምሮ ነው የተስተካከለው። ሦስቱ ጥያቄዎች ግን እዚያም ያገለግላሉ።

የሪአክት ስሕተት ማጋለጫ የሆነውን ስትሪክት ሞድን አታጥፉ፤ ይህን በጣም እሻለሁ። በዴቨሎፕመንት ጊዜ ኮምፖነንቱንና ለመቀየሪያው የሰጣችሁትን ፋንክሽን ሁለት ጊዜ የሚጠራው አውቆ ነው። ዝርዝራችሁ ላይ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲገባ ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ለመቀየሪያው በሰጣችሁት ፋንክሽን ውስጥ ፑሽ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ስትሪክት ሞድ ያንን ቀድሞ አሳያችሁ።

የመጨረሻው በብራውዘር ላይ በሚጫነው መመርመሪያ በሪአክት ዴቭቱልስ የሚደረግ ነው። ኮምፖነንቱን ምረጡና በቀኝ በኩል የሚታየውን ስቴት በእጃችሁ ቀይሩት። ስክሪኑ ወዲያው ከተከተለ የማሳያው ክፍል ጤነኛ ነው፤ የምትፈልጉት ከመቀየሪያው በፊት ባለው ኮድ ነው። ካልተከተለ ደግሞ የኢቨንቱን ፋንክሽን ተዉትና ሪተርኑ ውስጥ ምን እንደሚነበብ ተመልከቱ። አሁን እየታገላችሁበት ያለ ኮድ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ላፕቶፑን ክፈቱና አብረን እንየው፤ የቀረው ሰዓት ለጥያቄያችሁ ነው።