ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ከባድ ትኩሳት አልፎ አንጎል ውስጥ ስለሚቀረው ነገር ነው። ሐዋሳ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። አካባቢያችን ወባ የማይጠፋበት ስለሆነ የወባ ክኒንም የሚጥል በሽታ ክኒንም ከመደርደሪያው ሳወርድ እውላለሁ። የሁለቱ ክኒኖች ባለቤት አንዳንድ ጊዜ ያው አንድ ልጅ ነው፤ ሁለቱ ሕመሞች ሊገናኙ እንደሚችሉ ግን ወላጆቹም አያውቁም። ይህ ነገር ያሳስበኛል።

«ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት» እንላለን። ውስጡ ሲታይ ነገሩ እንዲህ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የገባባቸው ቀይ የደም ሕዋሳት በአንጎል ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ። ግድግዳው ላይ ሪሴፕተር የሚባሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች አሉ፤ ተውሳኩ በደም ሕዋሱ ገጽ ላይ የሚያወጣው ፕሮቲን እነሱን ጨብጦ ይይዛል። የደም ዝውውሩ ይታወካል፤ ግድግዳው ይቆጣል፤ ማሳለፍ የማይገባውን ፈሳሽ ያሳልፋል፤ አንጎል ያብጣል። ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ተውሳኩ ከደም ሥሩ ሳይወጣ ይህን ሁሉ ማድረሱ ነው። የነርቭ ሕዋሱን ሳይነካው ይጎዳዋል። የቀረውን የሚሠራው የደም እጥረቱና የራሳችን ሰውነት ቁጣ፣ ማለትም ብግነቱ ነው።

አንጎል የራሱ ዘበኞች አሉት። ስፔናዊው ተመራማሪ ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1919 ማይክሮግሊያ ብሎ ሰይሟቸዋል። ሲነቁ ኢንተርሉኪን አንድ ቤታ እና ቲኤንኤፍ አልፋ የተባሉ ኬሚካሎችን ያመነጫሉ። የነርቭ ሕዋሳት ደግሞ ለእነዚህ ኬሚካሎች ሪሴፕተር ስላላቸው መልእክቱ በቀጥታ ይደርሳቸዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይኸው ነውና። በነርቭ ሕዋስ ገጽ ላይ ግሉታሜት የተባለውን ኬሚካል የሚቀበሉ ሪሴፕተሮች ሕዋሱን ያነሣሣሉ፤ ጋባ የተባለውን የሚቀበሉት ደግሞ ያረጋጉታል። ብግነት ይህን ሚዛን ያዛባል። ኢንተርሉኪን አንድ ቤታ፣ ኤንኤምዲኤ የተባለውን የግሉታሜት ሪሴፕተር ለውጦ ብዙ ካልሲየም እንዲያስገባ ያደርገዋል። ቲኤንኤፍ አልፋ ደግሞ፣ በላቦራቶሪ እንደታየው፣ አነሣሽ ሪሴፕተሮችን ወደ ሕዋሱ ገጽ ያወጣል፤ የጋባዎቹን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ካልሲየም ከልክ ያለፈበት ሕዋስ ሊሞት ይችላል። የተረፉት ሕዋሳት እርስ በርስ አዲስ ግንኙነት ይዘረጋሉ፤ አዲሱ ግንኙነት ግን እንደ ቀድሞው የተረጋጋ ላይሆን ይችላል፤ የሚጥል በሽታ ሊመጣ የሚችለውም ከዚሁ ነው። ማጅራት ገትርም፣ አጀማመሩ ቢለይም፣ አንጎልን በብግነት ጎድቶ እዚሁ ሊያደርስ ይችላል።

«እንግዲያው ብግነቱን በመድኃኒት ማብረድ ነዋ!» የሚል ይኖራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ታይላንድ ውስጥ የተደረገ ጥናት ይፋ ሆኖ ነበር፤ ጭንቅላት ላይ ለወጣ ወባ ዴክሳሜታዞን መስጠት በሽተኞቹ ራሳቸውን ስተው የሚቆዩበትን ጊዜ አራዘመው እንጂ አልጠቀማቸውም። ስለዚህ ትኩሳት ለያዘው ልጅ «ያችን ብግነት የምታበርደውን» ብላችሁ በራሳችሁ አትግዙ፤ እባካችሁ።

ወደ ልጁ ልመለስ። በመርፌ ታክሞ ድኗል፤ ከሆስፒታል ወጥቷል፤ ትምህርት ቤት ተመልሷል። ወራት ያልፋሉ፣ አንዳንዴም ዓመታት። ከዚያ አንድ ቀን ይጥለዋል። ያን ጊዜ የድሮውን ትኩሳት ማን ያስታውሳል? ቤተሰቡ ምክንያቱን ከትናንትና ከትናንት ወዲያ ውስጥ ይፈልጋል፤ የት አመሸ፣ ማን አየው፣ ምን ረገጠ። ክብሪት ተጭሮ አፍንጫው ሥር ይያዛል። አረፋው ይጋባል ተብሎ ሰው ይሸሸዋል፤ ወድቆ ብቻውን ይንፈራገጣል። ይህን ሳስብ አንጀቴ ይላወሳል። አይጋባም! በጎኑ አስተኙት፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ጸበል የሚሄደውን አልነቅፍም፤ ክኒኑንም ይዞ እንዲሄድ ግን እለምናለሁ።

በሽታው ብርቅ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ይፋ ባደረጉት የቡታጅራ ጥናት ከ1,000 ሰዎች 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በሽታው ካለባቸው ሰዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት በትክክል ከታከሙ ሳይጥላቸው መኖር እንደሚችሉ ይናገራል።

በቅርቡ አንዲት እናት መጥተው «እህቴ፣ ከጣለው ቆየ እኮ፤ አሁንስ ክኒኑ ይብቃው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው የፍቅር ጥያቄ ነው፤ ልጃቸው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት እንዲውጥ አይፈልጉም። ክኒኑ ፌኖባርቢታል ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ ሲሰጥ የኖረ፣ ርካሽ መድኃኒት። የሚሠራው እዚያው የጋባ ሪሴፕተር ላይ ነው፤ የሚያረጋጋውን ወገን ያግዛል። አንጎል ይህን እገዛ ከለመደ በኋላ ድንገት ሲነፈገው መንቀጥቀጡ ከበፊቱ በርትቶ፣ አንዳንዴም ሳያቋርጥ ሊመጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ ይገድላል። «እናቴ፣ የሚቆም ከሆነ ሐኪሙ ነው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «ይህን ማንም አልነገረኝም» አሉ።

ልጁን ሕፃን ሳለ ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አዎ፣ ወጥቶበት ነበር። ሁለቱን አገናኝተዋቸው አያውቁም ነበር፤ ማንም አላገናኘላቸውም።

ስለዚህ አሁን አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። በጠና ወባ ወይም በማጅራት ገትር ተኝቶ የወጣ ልጅ ቤተሰብ መድኃኒት ሊገዛ ሲመጣ፣ የታመመበትን ወርና ዓመት፣ ራሱን ስቶ እንደነበረም ጨምሬ በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ። «ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጡት፤ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ከጣለው ይህን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ» እላለሁ። በየጤና ጣቢያውና በየሆስፒታሉ የምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ ልጁ ከመውጣቱ በፊት እናንተ ብትጽፉላቸው ደግሞ የበለጠ የተሟላ ይሆናል፤ የሕመሙ ታሪክ ያለው እናንተ እጅ ነው።