ከመግዛታችን በፊት እንለካ፦ ስለ ጎንደር ሕንፃዎችና ስለ መብራት ሒሳባችን የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሕንፃ ባለቤቶች፣ መሐንዲሶች፣ ርዕሳነ መምህራን፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች፣ ግንበኞችና አናጢዎች፤ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ከተማችን ውስጥ አዲስ ሕንፃ ሲሠራ ፊቱን በሙሉ መስታወት ማልበስ እየተለመደ ነው። ከውጭ ሲታይ ያምራል። ግን መጋቢት ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ወደ ምዕራብ የዞረ ቢሮ ውስጥ ግቡ። መጋረጃው ተዘግቷል። መጋረጃው ስለተዘጋ መብራት በርቷል። ቬንትሌተሩ የሞቀውን አየር ያዞራል። ጸሐፊዋ በፋይል ክዳን እያራገበች ትጽፋለች። በነፃ የመጣውን ብርሃን በመጋረጃ ከልክለን፣ መልሰን በአምፖል እየገዛነው ነው።

ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቀኑ ቢሞቅ እንኳ ማታው ይቀዘቅዛል። በደንብ ታስቦበት የተሠራ ሕንፃ እዚህ አየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) አያስፈልገውም። የሰርቨር ክፍል፣ የመድኃኒት መጋዘን፣ የኦፕራሲዮን ክፍል ይለያሉ፤ እነሱን አልነካም። ተራ ቢሮ ግን ጎንደር ላይ ያለ ኤሲ አላስቀምጥ ካለ፣ ጥፋቱ የአየሩ ሳይሆን የንድፉ ነው።

አንዳንድ ሰው “አሁንማ ግድባችን አልቋል፤ ስለ ቁጠባ ምን አስጨነቀህ?” ይለኛል። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም እንደማንኛችሁም ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። 5,150 ሜጋዋት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ኃይሉ ከግድቡ ተነሥቶ ማራኪ ወይም አዘዞ ካለው ቤታችሁ እስኪደርስ በስንት መስመር፣ በስንት ትራንስፎርመር ያልፋል። ማታ ሁሉም ምጣዱን፣ ስቶቩንና ቦይለሩን አንድ ላይ ሲለኩስ የሚጨነቀው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው። ግድቡ ቢሞላም ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ሰፈሩ ይጨልማል። ታሪፉም ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ለመኖሪያ ቤት ደግሞ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታችንን የሚቆጥርበት መለኪያ) ዋጋ ራሱ ከፍ ይላል። ስለዚህ የምንቆጥበው መጀመሪያ ለኪሳችን፣ ቀጥሎም ለጎረቤታችን ነው።

እንግዲህ ከምን እንጀምር? ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከሱቅ ነው። አምፖል እንገዛለን፣ ሶላር እንጠይቃለን፣ ማሽን እንቀይራለን። እኔ የምለምናችሁ መጀመሪያ እንድትለኩ ነው። ኢነርጂ ኦዲት የሚባለው የኃይል አጠቃቀም ምርመራ ስሙ ያስፈራል እንጂ አጀማመሩ ቀላል ነው። የ12 ወር የመብራት ሒሳባችሁን ሰብስቡ። ካርድ የምትሞሉ ከሆነ ደረሰኙን አትጣሉ። የተጠቀማችሁትን ኪሎዋት ሰዓት ደምሩና ለሕንፃው የወለል ስፋት በካሬ ሜትር አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር የሕንፃችሁ መለያ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች ይህን ቁጥር ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ፣ አንዱ የሌላውን እጥፍ የሚበላ ከሆነ የት መፈለግ እንዳለብን ያን ጊዜ እናውቃለን። ብሩን ሳይሆን ኪሎዋት ሰዓቱን አነጻጽሩ፤ ታሪፍ ሲቀየር ብሩ ያሳስታል።

ሁለተኛው መለኪያ የሌሊት ንባብ፣ ማለትም ሕንፃው ተዘግቶ ሳለ ቆጣሪው ምን ያህል እንደሚቆጥር ማየት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው እሱ ስለሆነ።

ባለፈው ክረምት አንድ የባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ባለቤት “ቆጣሪዬ ተበላሽቷል፣ ያላግባብ እየቆጠረብኝ ነው” ብለው ጠሩኝ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ሄድን። ሱቆቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ከዘበኛው ክፍል አምፖል በቀር የሚታይ ብርሃን የለም። ቆጣሪው ላይ ግን ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። በደቂቃ 30 ጊዜ ቆጠርን። ቆጣሪው ላይ 1,000 ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ተጽፏል። 30 በ60 ሲባዛ በሰዓት 1,800 ብልጭታ ነው። የተዘጋው ሕንፃ 1.8 ኪሎዋት እየበላ ነው ማለት ነው። አሥር ሰዓት በሚረዝም ሌሊት 18 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ30 ቀን 540።

ብሬከሮቹን አንድ በአንድ አጠፋን። አንዱን ስናጠፋ ብልጭታው ክፉኛ ቀነሰ። የውሃ ፓምፕ ነበር። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ኳስ ተሰብሯል። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ይገፋል፤ ውሃው ሞልቶ በአሸንዳው ይወርዳል። ዝናብ ስለነበረ ማንም አልጠረጠረም። ውሃ በፈረቃ በሚጠበቅበት ከተማ! የቀረውን የበላው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰው በሌለበት የተተወ ቦይለር ነበር። ቆጣሪው ምንም አልሆነም። ባለቤቱ ዝም ብለው ቆዩና “ስንት ወር ከፍያለሁ ማለት ነው?” አሉ። የኳሱን ዋጋ ግን ከፓምፑ የአንድ ወር ወጪ ጋር ማወዳደር እንኳ አያስፈልግም።

ይህን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አላስፈለገንም። በቆጣሪያችሁ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሊለይ ይችላል፤ 1,600 ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ሒሳቡ ግን ያው ነው። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ብሬከር ማጥፋትና ማብራት በባለሙያ ይሁን፤ የቦርዱን ክዳን ራሳችሁ አትክፈቱ።

ወደ ሕንፃው አካል ልለፍ። ከጣሪያው ልጀምር። ቆርቆሮ በጠራራ ፀሐይ ከ60 ዲግሪ በላይ ይግላል። ከሥሩ ያለው ኮርኒስ ስስ ቺፑድ ወይም የተወጠረ ጨርቅ ከሆነ ሙቀቱ በቀጥታ ጭንቅላታችን ላይ ይወርዳል። ማታ ደግሞ የቤቱን ሙቀት በዚያው ያስወጣል። ትምህርት ቤት ያላችሁ ስሙኝ፤ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ የሚያንቀላፉት በስንፍና ብቻ አይደለም። የዛገ ቆርቆሮን ነጭ ቀለም መቀባት፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር እንዲያልፍ በሁለቱ ጫፎች ወንፊት ያለው ቀዳዳ መተው፣ አቅም ሲፈቅድ ከኮርኒሱ በላይ እሳት የማይዘው ሙቀት መከላከያ መደርደር፤ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። ጭድ ግን እዚያ ላይ እንዳትጨምሩ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ቦታ ነው።

ቀጥሎ የፀሐይ አቅጣጫ። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በታኅሣሥ ደግሞ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ትሄዳለች። በሁለቱም በኩል በልክ የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ወይም በረንዳ ፀሐይዋን ይመክታታል። የታኅሣሥ ፀሐይ ትንሽ ብትገባ ደግሞ እሰየው፤ ብርዱን እናውቀዋለን። የሚያስቸግሩት የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ናቸው። ጠዋትና ከሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ክፈፉ አይመክታትም። ተራ ስስ መስታወት ደግሞ ከሚመታው የፀሐይ ሙቀት ከመቶ 80 ያህሉን ያሳልፋል። ስለዚህ ሕንፃው ረጅም ጎኑን ወደ ሰሜንና ደቡብ ይስጥ። ቦታው አልመች ካለ የምዕራቡ መስኮት ይነስ፤ ወይም ከውጭ በኩል ቁም ከለላ ይደረግለት፤ ወይም ዛፍ ይተከል። መጋረጃ ከውስጥ ሲሆን ሙቀቱ አንዴ ከገባ በኋላ ነው የሚደርሰው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። ፋሲል ግቢ በቀትር ግቡና ግድግዳውን በእጃችሁ ንኩት። ወፍራሙ የድንጋይና የኖራ ግንብ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም የሣር ክዳኑ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ግንብ እንሥራ አላልሁም፤ ዋጋውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ግን ምዕራብ የሚያየውን አንድ ግድግዳ እንኳ ከስስ ብሎኬት ይልቅ በድንጋይ ብንሠራው ይበጀናል፤ ድንጋይ ለጎንደር ብርቅ አይደለም።

ስለ ቦይለር አንድ ነገር ልበል። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚህ ኃይል ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ከ260 ሰዓት በላይ ይበራል። ልጆቻችንን “መብራት አጥፋ!” እያልን እንቆጣለን፤ ቦይለሩ ግን ቀኑን ሙሉ እንደተለኮሰ ይውላል። ሆቴልና ፔንሲዮን ያላችሁ፣ የመጀመሪያው ትልቅ ወጪያችሁ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ይሁን ብዬ እመክራለሁ። በበጋ ፀሐይ የምንለምናት አይደለችም።

አሁን የምናገረውን እባካችሁ በጥሞና ስሙኝ። የላሜራ መስኮትን ክፍተት በስቱኮ መድፈን፣ የበር ሥር ነፋስ መከላከያ ማድረግ ለክረምቱ ብርድ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቤት ውስጥ ከሰል የምታቀጣጥሉ ከሆነ ቤቱን አትድፈኑት። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ተኝታችሁ ሳለ ይገድላል። መጀመሪያ ከሰሉ ይውጣ፣ ከዚያ ክፍተቱ ይደፈን። የአንድ ሰው ሕይወት የሚያስከፍል ቁጠባ ቁጠባ አይደለም።

ሕጉን በተመለከተ አላረዝምም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 አለ። የሕንፃ አዋጅም አለ። ፈቃድ የምትሰጡ ወንድሞችና እኅቶች እዚህ ስላላችሁ ግን አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። የሕንፃ ንድፍ ሲቀርብላችሁ “የምዕራቡን መስኮት ምን ይከልለዋል?” ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀት ላይ ያለ መስኮት ለማንሳት ላጲስ ይበቃል። ግንቡ ካለቀ በኋላ ግን ባለቤቱ በየወሩ ይከፍልበታል።

ከምሳ በፊት ሁለት ነገር እንጨርስ። በሩ አጠገብ የሕንፃችሁን የወለል ስፋትና የ12 ወር ኪሎዋት ሰዓት የምትሞሉበት ቅጽ አለ። ደረሰኝ ያልያዛችሁ ወስዳችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሱልን፤ ተማሪዎቻችን ሒሳቡን ይሠሩላችኋል። የሌሊት ንባብ እንዲደረግላችሁ የምትፈልጉ ደግሞ ዘበኛችሁ የሚገኝበትን ምሽት ቅጹ ላይ ጻፉ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ እዚያ ከኋላ ያሉት አባት ቀድመው እጃቸውን አውጥተዋል፤ ማይኩን ስጧቸው።